«ሻጭ ነውና ይላል» እያልን የምንከፍለው

እናቴ ጆሮዋ እየደከመ ሲመጣ ልጆቿ ገንዘብ አዋጥተን የመስሚያ መሣሪያ ገዛንላት። ማስታወቂያው ላይ አንዲት አሮጊት በልጅ ልጆቿ ተከብባ ትስቃለች፤ ከሥሯ «እያንዳንዱ ድምፅ፣ በየትኛውም ቦታ፣ ጥርት ብሎ» የሚል ጽሑፍ አለ። እናቴ መሣሪያውን ለወራት ከጆሮዋ አልለየችውም። ስናወራ ፈገግ ትላለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ቀን እኅቴ ከኋላዋ ሆና ስትጠራት ዝም አለች። ሁለተኛ ጠራቻት፣ ሦስተኛም። ያኔ ነው የገባን። ሰው በበዛበት ክፍል ውስጥ መሣሪያው የሚያሰማት ጫጫታ ብቻ ነበር፤ የሳህኑን ኳኳታና የወንበሩን ጉተታ ከሰው ቃል እኩል እያጎላ ያመጣባታል። «ለምን አልነገርሽንም?» አልናት። «ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ ይህን ያህል ወጪ አውጥታችሁ! ደግሞስ ዕቃው ምን ያድርግ፤ ጥፋቱ የጆሮዬ ነው» አለችን።

ይህ መልሷ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ቃሉን ያልጠበቀው መሣሪያው ነው፤ ጥፋተኛ ሆና የቀረበችው ግን ገዢዋ ናት። ድርጅቱ ጠበቃ ሳያቆም፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ፣ በእናቴ አንደበት ነፃ ወጣ።

ድርጅቶች ስለ ምርታቸው ሲያጋንኑ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ ለምን እንደሚያጋንኑ ነው። እሱ ብዙ አያመራምርም፤ ስለሚያዋጣቸው ነው። የሚያመራምረው እኛ ገዢዎቹ ለምን እሺ እንደምንል ነው። የተለመደው መልስ «ሰው የዋህ ነው፤ የሰማውን ሁሉ ያምናል» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። አብዛኛው ሰው ማስታወቂያን እንዳለ አያምንም። «ሻጭ ነውና ይላል» ብሎ፣ ከተባለው ላይ እንደ ልማዱ ቀንሶ፣ የቀረውን ይገዛል። ይህን ቅነሳ ብልህነት ብለን እንኮራበታለን። ጉዳቱ የሚጀምረው ግን እዚሁ ላይ ነው እላለሁ። ሁላችንም መቀነስን ስለለመድን፣ መጨመር ነውር መሆኑ ቀርቷል።

ነገሩ የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1891 መጨረሻ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ ኢንፍሉዌንዛ ሕዝቡን ባስጨነቀበት ወቅት፣ አንድ የለንደን ድርጅት «የካርቦሊክ ጭስ ኳስ» የተባለ ዕቃ በጋዜጣ ያስተዋውቅ ነበር። ዕቃው ካርቦሊክ አሲድ የተጨመረበት የጎማ ኳስ ነው፤ ቱቦውን አፍንጫ ውስጥ አስገብተው ኳሱን ሲጨምቁት ጭስ የመሰለ ብናኝ ይወጣል። ድርጅቱ ይህን ኳስ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለሁለት ሳምንት፣ እንደታዘዘው ተጠቅሞ ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ሰው 100 ፓውንድ እንደሚከፍል አስታወቀ። ቃሉ የምር መሆኑን ለማሳየትም 1,000 ፓውንድ ባንክ ማስገባቱን ጨምሮ ጻፈ። ሉዊዛ ካርሊል የተባለች ሴት ገዛች፤ እንደተባለችው ተጠቀመች፤ በጃንዋሪ 1892 ታመመች። ገንዘቡን ስትጠይቅ ድርጅቱ እምቢ አላት። ፍርድ ቤት ሲቆም ካቀረባቸው መከራከሪያዎች አንዱ፣ የጻፈው ዕቃን ለማሞገስ የሚባል ነገር እንጂ ቃል ኪዳን እንዳልሆነና ማንም ከቁም ነገር ሊቆጥረው እንደማይገባ የሚገልጽ ነበር። የይግባኝ ዳኞቹ አልተቀበሉትም። ባንክ የገባው 1,000 ፓውንድ ነገሩ የምር እንደነበር ያሳያል ብለው ለሴትየዋ ፈረዱላት።

ይህ ፍርድ ስለ ውል በሚማሩ የሕግ ተማሪዎች ዘንድ እስከ ዛሬ የታወቀ ነው። በሌላ በኩል ስናነበው ግን የሻጮችም መማሪያ ነው። ድርጅቱን ያስጠቃው ማጋነኑ አልነበረም፤ ቁጥር ጠቅሶ፣ ገንዘብ አስይዞ ማጋነኑ ነው። ያ ገንዘብ ባይጠቀስ ኖሮ «እንዲያው ለማሞገስ ነው» የሚለው መከራከሪያ የማሸነፍ ዕድሉ ሰፊ ነበር። ዛሬም በብዙ አገሮች ሕጉ የቆመው እዚያው ነው። «ምርጥ»፣ «አቻ የሌለው»፣ «ሕይወትዎን የሚለውጥ» ያለ ሻጭ አይጠየቅም፤ አስተዋይ ሰው እንዲህ ያለውን ንግግር አምኖ አይገዛም ተብሎ ይታሰባልና። እናቴ አስተዋይ ሰው ናት። «ጥርት ብሎ» የሚለውን ቃል ያነበበችው ጥርት ብሎ ማለት መስሏት ነው።

ቁጥር አደገኛ መሆኑን የተረዱ ድርጅቶች ቁጥርን አልተዉም፤ ከፊቱ አንዲት ትንሽ ቃል አቆሙለት። «እስከ» የምትባለዋን። እስከ 18 ሰዓት የሚቆይ ባትሪ፣ እስከ 70 በመቶ ቅናሽ፣ እስከ ይህን ያህል ሜጋቢት የሚደርስ ኢንተርኔት። «እስከ» ያለ ሻጭ ከዜሮ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ብሏል፤ ዓይናችን ግን የሚያርፈው ቁጥሩ ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ከደንበኞቻቸው 10 በመቶው ብቻ የሚያገኘውን ፍጥነት «እስከ» ብለው ማስተዋወቅ ይችሉ ነበር። ይህ ማለት ከአሥር ሰው ዘጠኙ ማስታወቂያው ላይ ያየውን ሳያገኝ በየወሩ ሊከፍል ይችል ነበር፤ ደንቡም ይፈቅድ ነበር። በ2018 ደንቡ ተለወጠ። የሚተዋወቀው ፍጥነት መስመሩ በሚጨናነቅበት ሰዓት ቢያንስ ግማሹ ደንበኛ የሚያገኘው አማካይ እንዲሆን ተደነገገ። አቅራቢዎቹም የሚያስተዋውቁትን ቁጥር ዝቅ አደረጉ። በየቤቱ ያለው መስመር ያው ነው፤ የወረደው ወረቀት ላይ የነበረው ብቻ ነው። ያን ያህል ዓመት በዚያ ልዩነት ላይ ገንዘብ ሲሰበሰብ ቅሬታው አገር አለማናወጡ ይደንቀኛል።

አለማናወጡን የሚያስረዳን ነገር ደግሞ አለ። በ2015 ቮልስዋገን በናፍጣ መኪኖቹ ውስጥ የጭስ ምርመራን የሚያታልል ሶፍትዌር መክተቱ ሲጋለጥ ዓለም ተቆጣ፤ ጉዳዩ ወደ 11 ሚሊዮን ገደማ መኪኖችን የሚነካ ነበር፣ ድርጅቱም በቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ከፈለ። ቁጣው ተገቢ ነው። ነገር ግን በእነዚያው ዓመታት፣ በዚያው አውሮፓ፣ ሌላ ነገር በግላጭ ይካሄድ ነበር። የመኪኖች የነዳጅ ፍጆታ የሚለካው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ከእውነተኛ አነዳድ በራቀ ዘገምተኛ ፈተና ነበር። በ2001 በፈተናውና በመንገዱ መካከል የነበረው ልዩነት 9 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2015 ወደ 40 በመቶ ደረሰ። አምራቾቹ መኪናውን ለመንገድ ከማሻሻል ይልቅ ለፈተናው ማስተካከልን ተካኑበት። መኪና ገዢው ሁሉ ያውቀው ነበር፤ «ወረቀቱ ላይ ያለውን እርሳው» ይባባል ነበር። አዲሱ ፈተና መተግበር የጀመረው በ2017 ነው። ተደብቆ የተሠራው ማታለል አስቆጣን፤ በግልጽ የተሠራውን ግን እንደ አየር ጠባይ ተቀበልነው። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ማጋነን ማጋነን አይመስልም። ለሚከፍለው ሰው ግን የነዳጁ ሒሳብ ያው ነው።

ወደ እናቴ መልስ ልመለስ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። ዕቃው አልሠራ ሲል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንመረምረው ራሳችንን ነው። አንዳንዶቹ ማስታወቂያዎች ደግሞ ይህን አውቀው የተሰናዱ ይመስላሉ። ስኬቸርስ የተባለው የጫማ አምራች ሶሉ የተቆለመመ ጫማ አውጥቶ፣ ተጫምቶ መሄዱ ብቻ ክብደት እንደሚቀንስና ጡንቻ እንደሚያጠነክር ሲያስተዋውቅ ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ማስረጃው አይበቃም ብሎ ከሰሰው፤ ድርጅቱ በ2012 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ኮሚሽኑ ካቀረባቸው ነጥቦች አንዱ፣ ጫማውን ጥናት አድርጌበታለሁ ብሎ ያሞገሰው ባለሙያ የድርጅቱ የማርኬቲንግ ኃላፊ ባል መሆኑ አለመገለጹ ነበር። እኔን ግን የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ጫማ አድርጋ ለወራት የተራመደችና ክብደቷ ንቅንቅ ያላለ ሴት ምን ታስባለች? ብዙ አልተራመድኩም ትላለች። ጣፋጭ አብዝቻለሁ ትላለች። ወደ ሻጩ ሄዳ «ዋሽታችኋል» ለማለት በመጀመሪያ በራሷ ላይ ያላትን ጥርጣሬ ማሸነፍ አለባት። ክብደት መቀነሻ፣ ፀጉር ማብቀያ፣ ቋንቋ በሦስት ወር ማስተማሪያ፣ የማስታወስ ችሎታ ማበልጸጊያ፣ ሁሉም አንድ ጠባይ አላቸው፤ ሳይሠሩ ሲቀሩ የሚያፍረው ገዢው ነው። ያፈረ ሰው ደግሞ አይከስም፣ አይመልስም፣ ለጎረቤቱም አይናገርም።

ከዚህም የባሰው የገዛ አካላችን ለሻጩ ምስክር መሆኑ ነው። በ2008 በታተመ አንድ ጥናት ለ82 ሰዎች መድኃኒትነት የሌለው ክኒን ተሰጣቸው። ገሚሶቹ የአንዱ ክኒን ዋጋ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው ተባሉ፤ ሌሎቹ ወደ 10 ሳንቲም የወረደ ነው ተባሉ። ከዚያ እጃቸው ላይ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ተለቆ ሕመማቸውን እንዲናገሩ ተጠየቁ። ውድ ክኒን ዋጥን ያሉት 85 በመቶዎቹ ሕመሙ ቀለለልን አሉ፤ ርካሹን ከዋጡት 61 በመቶዎቹ። እነዚህ ሰዎች አልዋሹም፤ የተሰማቸውን ነው የተናገሩት። ስለዚህ «እኔ ተጠቅሜ አይቼዋለሁ፣ ይሠራል» የሚል የወዳጅ ምስክርነት በቅንነት የተሰጠ ሆኖም ባዶ ሊሆን ይችላል። ብዙ የከፈለ ሰው መክፈሉ በከንቱ እንዳልሆነ ማመን ይፈልጋል፤ ይህን የማይፈልግ ሰው አላውቅም።

ደግሞ ተጠቅመናቸውም የማናውቃቸው ዕቃዎች አሉ። ወንበር ሲሰበር ይታያል፤ ሳሙና ካላጸዳ ይታያል። «የሰውነትን የመከላከል አቅም ይደግፋል» የተባለ እንክብል ግን አለመደገፉ በምን ይታወቃል? ባትውጠው ኖሮ ምን ትሆን እንደነበር ማየት አትችልም። አሜሪካ ውስጥ በ1994 የወጣው ሕግ ለእንዲህ ያሉ ተጨማሪ ምግቦች ሰፊ በር ከፍቷል። አምራቹ «በሽታ ይፈውሳል» እስካላለ ድረስ «ይደግፋል»፣ «ይረዳል»፣ «ይጠብቃል» ሊል ይችላል፤ ለዚህ ቅድሚያ ፈቃድ አያስፈልገውም። ከሚጠበቁበት ነገሮች አንዱ አባባሉን የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ እንዳልገመገመው መጻፍ ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በደቃቅ ፊደል ይሆናል። ተስፋው በትልቁ ከፊት፣ ማስጠንቀቂያው በትንሹ ከኋላ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ሌላው ገና ያልተሠራን ነገር መሸጥ ነው። የመኪና አምራቹ ቴስላ «ሙሉ በሙሉ ራሱን መንዳት» ብሎ የሰየመውን አማራጭ ለገዢዎች ማቅረብ የጀመረው በ2016 ነው። በ2019 የድርጅቱ መሪ ኢሎን መስክ በቀጣዩ ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ያለ ሾፌር የሚሠሩ ታክሲዎች መንገድ ላይ እንደሚኖራቸው ተናገረ። 2020 መጥቶ ሄደ፤ ታክሲዎቹ አልመጡም። የአማራጩ ዋጋ ግን እየጨመረ በ2022 15,000 ዶላር ደረሰ። በ2024 ስሙ ላይ ሾፌሩ እየተቆጣጠረው መሆኑን የሚገልጽ ቃል ተቀጠለበት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። በዚህ መሐል ግን የከፈለው ሰው ስሙን አምኖ እጁን ከመሪው ያነሳ እንደሆነ አደጋ ላይ የሚወድቀው እሱና በመንገዱ የሚያልፈው ነው። ስም ደግሞ ከማስታወቂያ ሁሉ የበረታ ማስታወቂያ ነው፤ ዕቃውን በጠራነው ቁጥር እኛው ራሳችን እንደግመዋለንና።

አሁን ደግሞ ወረፋው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። «በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ» ያልተባለ ዕቃ ማግኘት እየከበደ ነው። ዱኖትፔይ የተባለ ድርጅት «የዓለም የመጀመሪያው ሮቦት ጠበቃ» እያለ አገልግሎቱን ሲሸጥ ነበር። የንግድ ኮሚሽኑ በ2024 እንዳለው ድርጅቱ ሥራው ከሰው ጠበቃ ጋር ይስተካከል እንደሆነ እንኳ አልፈተነውም፤ 193,000 ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ወደ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሄደው ማን እንደሆነ አስቡ። ጠበቃ ለማቆም አቅም ያለው አይደለም። ተከራይቶ ከሚኖርበት ቤት ውጣ የተባለ፣ ደሞዙ የተያዘበት፣ መድረሻ ያጣ ሰው ነው።

«ሻጭ ነውና ይላል» የሚለው አነጋገር ስሕተቱ እዚህ ላይ ይገለጥልኛል። ይህ ቅነሳ ሁሉም እኩል የታደለው ችሎታ አይደለም። ከዚህ በፊት አሥር ስልክ የገዛ ሰው የባትሪውን ሰዓት ስንት እጅ እንደሚቀንስ ያውቃል፤ የመጀመሪያውን የሚገዛ አያውቅም። ጤነኛ ሰው የእንክብሉን ማስታወቂያ አይቶ ያልፋል፤ ሐኪም ተስፋ ያስቆረጠው ሰው ያንኑ ማስታወቂያ አሥር ጊዜ ያነበዋል። ማጋነንን «የታወቀ ነው» ብለን ስንተወው ለማያውቁት ማንም አይቆምላቸውም። እኛ የምናገኘው የብልህነት ስሜት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ቃልን እንደ ቃል የሚወስዱት ናቸው።

የሚከፍል ሌላ ሰው ደግሞ አለ፤ እሱም ሐቀኛው ሻጭ ነው። ሁለት ላፕቶፖች እናስብ። የሁለቱም ባትሪ በእውነተኛ ሥራ ላይ 12 ሰዓት ይቆያል። አንደኛው አምራች 12 ብሎ ጻፈ፤ ሁለተኛው 18። ብልሁ ገዢ ከሁሉም ላይ ሲሶውን መቀነስ ለምዷል። ስለዚህ የአጋናኙን 18 በትክክል 12 ብሎ ያነበዋል፤ የሐቀኛውን 12 ግን 8 ያደርገዋል። እውነት የተናገረው ተቀጣ። በሚቀጥለው ዓመት ይህ አምራች ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ከገበያ መውጣት፣ ወይ እውነቱ እንዲታወቅለት 18 ብሎ መዋሸት። የገዢው ጥርጣሬ ሐሰቱን አላረመውም፤ እውነተኛውን ጨምሮ እንዲዋሽ አስገደደው። ከዚያ ሁሉም 18 ሲሉ አንዱ 24 ይላል፤ እኛም ቅነሳችንን እናሳድጋለን።

መጋነንን ማስቆም አይቻልም ለሚሉ አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። ሊስትሪን የተባለው የአፍ መጉመጥመጫ ጉንፋንና የጉሮሮ ሕመምን እንደሚከላከል ለአሥርተ ዓመታት ሲተዋወቅ ኖረ። በ1975 የንግድ ኮሚሽኑ ማስታወቂያውን ከማስቆም አልፎ አንድ ያልተለመደ ትእዛዝ ሰጠ። አምራቹ ለቀጣይ ማስታወቂያዎቹ 10 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ እስኪጨርስ ድረስ፣ ሊስትሪን ጉንፋንንም ሆነ የጉሮሮ ሕመምን እንደማይከላከልና እንደማያቀል በማስታወቂያው ውስጥ በግልጽ እንዲናገር አዘዘው። ድርጅቱ ይግባኝ አለ፤ ፍርድ ቤቱ በ1977 ትእዛዙን አጸናው። የውሳኔው ፍሬ ነገር እስከ ዛሬ ፍትሐዊ ይመስለኛል። ለብዙ ዓመታት በሰው ጆሮ የተተከለ ነገር ዝም በማለት ብቻ አይነቀልም፤ የተከለው ራሱ፣ በዚያው ድምፅ፣ በራሱ ገንዘብ ይንቀለው። የገንዘብ ቅጣት ለትልቅ ድርጅት የሥራ ማስኬጃ ወጪ ነው። በራሱ ማስታወቂያ «ይህን አያደርግም» ብሎ መናገር ግን ስሙን ይነካል። እንዲህ ያለው ትእዛዝ ብርቅ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ከሕጉ በመለስ የገዢውም ድርሻ አለ፤ «ተጠንቅቀህ ግዛ» የሚለውን አይደለም የምለው። ያንን ሲሉን ኖረዋል፤ ሸክሙን ሁሉ መልሶ ጫንቃችን ላይ የሚጥል ምክር ነው። የምለው ዕቃው የተባለውን ሳያደርግ ሲቀር ዝም እንዳንል ነው። መመለስ፣ መጻፍ፣ የማስታወቂያውን ቃል በቃሉ ጠቅሶ «ይህን ብላችሁ ነበር» ማለት። አንድ ሰው ሲናገር ቅሬታ ነው፤ ብዙ ሰው ሲናገር ድርጅቱ ማጋነን ያዋጣው እንደሆነ እንደገና ማስላት ይጀምራል።

እኔም ዘግይቼም ቢሆን የእናቴን መሣሪያ ለመመለስ የድርጅቱን ድረ ገጽ ከፈትኩ። ዕቃ የሚመለስበትን ምክንያት እንድመርጥ የሚጠይቅ ቅጽ መጣልኝ። «ቀለሙ አልተስማማኝም»፣ «ልኩ አልሆነኝም»፣ «ሐሳቤን ቀየርኩ»፣ «ተሰብሮ ደረሰኝ» ይላል። «ያላችሁትን አያደርግም» የሚል ምርጫ ፈልጌ አጣሁ። «ሌላ» የሚለውን ነክቼ የማስታወቂያውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ገለበጥኩት፤ ከሥሩ እናቴ ሰው በተሰበሰበበት ምን እንደምትሰማና ምን እንደማትሰማ ጻፍኩ። ጽሑፉን ጮክ ብዬ፣ ከፊቷ ቁጭ ብዬ አነበብኩላት። አፌን እያየች እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና «እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ የጆሮዬ አልነበረም ማለት ነው?» አለችኝ።